ዊንዶው አይቀየርም ያልኩበት ሳምንት

ልጅ እያለሁ ኮምፒውተር እኛ ቤት የገባው በፈረስ ጋሪ ነው። ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ ገና ድንጋይ አልተነጠፈበትም ነበር። እናቴ ሞኒተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች፤ አባቴ ከኋላ በእግሩ እየተከተለ "ቀስ! ቀስ በል እንጂ!" እያለ ባለጋሪውን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶታል። ጎረቤታችን አደይ ለተ ከደጃቸው ሆነው "እንታይ እዩ? ቴሌቪዥን ድዩ?" ብለው በትግርኛ ጠየቁ፤ ምንድን ነው፣ ቴሌቪዥን ነው ወይ ማለታቸው ነው። እናቴ ቴሌቪዥን ሳይሆን ኮምፒውተር መሆኑን ስትነግራቸው "ታዲያ ምን ያሳያል?" አሉ። እናቴ ትንሽ አሰበችና "እስካሁን ምንም አላሳየንም" ብላ መለሰች።

የተገዛው ለታላቅ ወንድሜ ለሰይድ ነው። ይህን ከጅምሩ መናገር አለብኝ፤ በኋላ ሲከራከረኝ ትልቁ ነጥቡ ይህ ነበርና እውነቱን አልክድበትም። ሰይድ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ እንዳ ኢየሱስ ግቢ ምህንድስና ሊማር ገብቶ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ መቀሌ የከተመ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከሰው እንዳያንስበት ብሎ፣ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛለት። ሰውየው በውስጡ ያለውን ሁሉ እንዳለ ትቶልን ሄደ። በግዕዝ ፊደል መጻፊያው ፕሮግራምም አብሮ መጣ። ፕሮግራሙ የተጫነበት ሲዲ የት እንዳለ የጠየቀ ግን የለም። እኛ ቤት ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲዲ እንዳለው የሚያውቅ ማን ነበርና!

እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ዘጠነኛ አልገባሁም። ለምን እንደሆነ እዚህ አልዘረዝርም። አንዱን ብቻ ልናገር፤ ትግርኛዬ ወሎ ወሎ ይላል ብለው ክፍል ውስጥ ይስቁብኝ ስለነበር፣ መምህር ስሜን ሲጠራ አለሁ ማለት እንኳን ትቼ ነበር። እናም ቤት ዋልኩ። ሰይድ ደግሞ የሚያድረው ግቢ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ እናቴ በጠለፈችው ጨርቅ ተሸፍኖ እንደ እኔ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጨርቁን ገለጥኩ። ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ሲሞቅ ደግሞ ፀሐይ የመታው አቧራ ይሸታል። እንግሊዝኛውን አንብቤ ሳይሆን ቦታውን ለይቼ ተማርኩት። ከታች በግራ አረንጓዴው ቁልፍ፣ ከዚያ ከላይ ሦስተኛው፣ ከዚያ ቢጫዋ ፎልደር። ፊደሎቹን ከደብተር ወረቀት ቆርጬ በስኮች ኪቦርዱ ላይ ለጠፍኳቸው። ከቀትር በኋላ ሲሞቅ ስኮቹ እየተነሣ ጣቴ ላይ ይጣበቃል፤ አንዳንዴ "መ"ን ጣቴ ላይ ይዤ ወጥ ላማስል እሄድ ነበር።

መጀመሪያ ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሰው ጋሽ ይማም ናቸው። ከግቢያችን ጓሮ ባሉት ክፍሎች ከወሎ የመጡ የቀን ሠራተኞች ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ እሳቸውም ከነዚያ አንዱ ሲሆኑ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ያቦካሉ። አንድ ማለዳ በራችን ላይ ቆመው "ይሄ ነገር ደብዳቤ ይጽፋል ይባላል፤ እውነት ነው?" አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። መርሳ አጠገብ ላሉት ሚስታቸው ሊልኩ ፈልገው ነበር። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ ብለው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሽማግሌ ፊት እንደሚናገር ሰው ቆመው አስጻፉኝ። ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውን ወደ ሞኒተሩ ዘረጉና "የቱ ጋ ላሳርፍ?" አሉ። ወረቀት ላይ ነው ልላቸው አፌን ሳልከፍት ከስማቸው ሥር ጫን አደረጉት። የሲሚንቶ አሻራቸውን ሳምንት ሙሉ አልጠረግኩትም።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹም መጡ። በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ አገር ቤት ሲደርስ ሰው አክብሮ ያነበዋል ይሉ ነበር። እኔ እጽፋለሁ፤ በፍላሽ ይዤ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት አሳትማለሁ፤ ደብዳቤው ወደ ወልድያ በሚወርድ አውቶቡስ ይሄዳል። ለእያንዳንዳቸው በስማቸው ፎልደር ከፈትኩላቸው። መልስ ሲመጣላቸው እያንዳንዱ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ባለፈው ምን ብዬ ነበር?" ከፍቼ አነብላቸዋለሁ። "አዎ፣ እንደሱ ብያለሁ" ብለው ከዚያው ይቀጥላሉ። በሬ ስለመሸጥ፣ ልጅ ስለማስገረዝ፣ ስለ ናፍቆትም ጭምር። ዝምተኛ ስለሆንኩ ሳያፍሩ ይነግሩኛል። ከደጅ ሆነው "ጸሐፊዋ አለች?" ሲሉ ስሰማ ደረቴ ውስጥ የሚሆነውን ዛሬም መግለጽ አልችልም። ከዚያ በፊት እኔን ብሎ በራችንን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ሰይድ አንድ ቅዳሜ ክብሮም የሚባል ጓደኛውን አስከትሎ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ሲዲ ይዞ መጣ።

"ዘይኑ፣ ተነሺማ፤ አዲሱን ዊንዶው ሰቨን ልንጭንበት ነው" አለኝ። "ከክፍላችን አሮጌው ኤክስፒ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሌው ይሉኛል!"

"ደብዳቤዎቹስ?"

ክብሮም ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "ሓብተይ፣ እህቴ፣ አታስቢ። አዲሱ ሁሉም ነገር አለው፤ እንደ ውሃ ነው የሚፈስልሽ።"

"ግዕዙ አለው?"

"ይኖረዋል።"

"አለው ወይስ ይኖረዋል?"

ሰይድ ሳቀ። "በሳምንት አሥር ቃል ነው የምትናገረው፤ ዛሬ ሁሉንም እኛ ላይ ልትጨርስ ነው" አለው ለጓደኛው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ክብሮም ሲዲውን ሊያስገባ ሲል መብራት ጠፋ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠብቀው ሳይመጣ ሲቀር፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጥረው ሄዱ። አንድ ሳምንት አገኘሁ።

ሰኞ የጋሽ ይማምን ደብዳቤ ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ደስ ብሏት ኮምፒውተሮቻቸው ሁሉ አዲሱ እንደተጫነባቸው ነገረችኝ። ፍላሼን ሰክታ ስትከፍተው ግን አንድም ፊደል አልነበረበትም። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፤ በየመካከሉ የማላውቃቸው የፈረንጅ ምልክቶች። ልጅቷ "ፋይልሽ ተበላሽቷል" አለችኝ። አለመበላሸቱን አውቅ ነበር፤ ጠዋት ቤት አንብቤዋለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር።

"አትሚልኝ" አልኳት።

"ይሄን?"

"ይሄንኑ።"

ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ተማሪዎች ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ጆሮዬ ጋለ፤ ግን ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ከዚያ በእግሬ እስከ ሓወልቲ ሰፈር ሄድኩ። በየማተሚያ ቤቱ እየገባሁ አሮጌው ዊንዶው እንዳላቸው ጠየቅኩ። በቀን ሁለት ሰው የማናግር ልጅ፣ ያን ቀን ስንቱን እንዳናገርኩ እኔ አውቃለሁ። አራተኛው ቤት ነበረው። መጻፊያው ፕሮግራም ራሱ ተጭኖበታል። ደብዳቤው እንደ ጻፍኩት ወጣ። አንድ ደብዳቤ በሁለት ወረቀት ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ለማንም ግን አልነገርኩም።

ቅዳሜ ከቁርስ ጀምሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰይድና ክብሮም ሲመጡ አባቴም ከሱቅ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች እግሩ ሥር ዘረጋሁለት። አባቴ አማርኛ የሚያነበው በቀስታ ነው። አንደኛውን አነበበ። ሁለተኛውን አነሣ፣ ገለበጠው፣ ራቅ አድርጎም አየው።

"ይሄ ደግሞ የማን አገር ቋንቋ ነው?"

"ጋሽ ይማም ለሚስታቸው የላኩት ነው።"

"ይማም እንዲህ ብሎ ተናገረ?" አለና ሳቁ አመለጠው።

"አዲሱ ሲገባ የሁሉም ደብዳቤ እንደዚህ ነው የሚሆነው አባ። ከዚያ በኋላም መጻፍ አልችልም።"

ሰይድ ወረቀቱን ቀምቶ አየው። "ይሄ እኮ ፕሮግራሙ ስለሌለ ነው፤ ይጫናላ!"

"ሲዲው የት አለ?" አልኩት።

ክብሮም የሲዲ መያዣውን ከፍቶ አገላበጠ፤ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሰይድ ተናደደ። "ለእኔ ነው የተገዛው! የክፍሌ ፕሮግራም አሮጌው ላይ አልሠራ ብሎኝ ሰው ፊት አፈርኩ። አሁን ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰች ልጅ ስለ ዊንዶው ልታስተምረኝ ነው?"

"ጨርሻለሁ" አልኩ። "ስምንተኛን ጨርሻለሁ።"

አባቴ ጫማውን ወደ ጎን አስቀመጠ። ከዚያ "ሰይድ እውነቱን ነው" አለ፤ "የተገዛው ለትምህርቱ ነው። ተነሺ ልጄ፣ ለወንድምሽ ልቀቂለት።" ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። ይበልጥ የከበደኝ እሱ ነው።

"እምቢ" አልኩ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ለአባቴ እምቢ ብሎ የሚያውቅ ሰው እኛ ቤት አልነበረም፤ ከሁሉ መጨረሻ ይጠበቅ የነበረው ደግሞ ከእኔ ነው። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ። "የግዕዙን ሲዲ ያምጡ። ካመጡ እኔ ራሴ አብሬ እጭናለሁ። እስከዚያ አልነሣም። ሰዎቹ መጥተው ባለፈው ምን ብዬ ነበር ሲሉኝ ምን ልበላቸው?" ይህን ሁሉ የተናገርኩት እያለቀስኩ ነው። ቢሆንም ተናገርኩት።

አባቴ ወረቀቱን እንደገና አነሣ፤ ሳጥኖቹን በጣቱ እየተከተለ፣ የሚነበብ ይመስል እስከ ታች ወረደ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ለሰይድ "ሲዲውን ፈልግ" አለው። ሰይድ በሩን አላትሞ ወጣ። ክብሮም ወደ በሩ ሲያልፍ ቀስ ብሎ "አጆኺ" አለኝ፤ በርቺ ማለቱ ነው፤ የማን ወገን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሲዲው አልተገኘም። ሰይድ ሥራውን የጨረሰው ግቢው ውስጥ ባለው የኮምፒውተር ክፍል ወረፋ እየጠበቀ ነው፤ ውጤቱም እንዳሰበው አልመጣለትም። እስከ ዓረፋ ድረስ አላናገረኝም። አንድ ቤት ውስጥ ወንድምሽ በአጠገብሽ እንደ ዕቃ ሲያልፍሽ እንዴት እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል። ማንንም አልጎዳሁም ብዬ አልዋሽም። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱ ላይ የሚሠራ መጻፊያ ተገኘ። ያኔ አንድ ሌላ ኮምፒውተር ተውሼ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ክረምቱን ሙሉ የሁሉንም ደብዳቤ እንደገና ጻፍኩት። የመጨረሻውን ነጥብ ካደረግኩ በኋላ ሰይድን ጠርቼ "አሁን ቀይረው" አልኩት። እሱም ቀየረው።

ዛሬ ሓወልቲ አካባቢ በአንዲት ትንሽ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ የቀን ሠራተኛ የለም፤ ሁሉም ስልክ አለው፣ ከሚስቱ ጋር በቀጥታ ያወራል። ደስ ይለኛል፤ ቢሆንም ያ የሰው ድምፅ ይናፍቀኛል። ኮምፒውተሮቹም አሁን ማንንም አይጠይቁም። ጠዋት ስከፍታቸው ራሳቸውን ቀይረው፣ የማውቀውን ሁሉ ከቦታው አንሥተው ይጠብቁኛል። እንደገና እማራለሁ፤ መማር አላቃተኝም፣ ያኔም አላቃተኝም ነበር። ሰዎች አዲስ ነገር ትፈራለች ይሉኝ ነበር። አልፈራሁም። የምሠራበት እኔ ሆኜ ሳለ ለምን አልተጠየቅኩም ነው ያልኩት፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ሰይድ አሁን ሌላ ከተማ ትልቅ ሥራ አለው። ለበዓል ሲመጣ ያንን ቅዳሜ ሳያነሣ አይቀርም። ወንበር ላይ እንዴት እንደተጣበቅኩ በእጁ እያሳየ ልጆቹን ያስቃቸዋል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ያችን ውጤት ያበላሸሽብኝ አንቺ ነሽ፤ በይ ዛሬ እንኳን ይቅርታ በይኝ" ይለኛል። እኔ አሁንም ሰው ሲያየኝ ፊቴ ይቀላል። ብድግ ብዬ ሻይ እቀዳለታለሁ፤ እንደሚወደው ስኳሩን ሦስት ማንኪያ አደርግለታለሁ፤ እጁን እንዳያቃጥለው ብርጭቆውን በፎጣ ይዤ አቀብለዋለሁ። ይቅርታ ግን አልለውም።