ሁለት ጋዜጣ የሚነበብበት ቤት

ልጅነቴን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጨዋታው ወይም በዓሉ አይደለም፤ ቅናት ነው። ላሊበላ ላይ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ በምትኖር እታገኝ በምትባል ጓደኛዬ እቀና ነበር። በልብሷ እንዳልል፣ የሁለታችንም ዩኒፎርም ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው። በአባቷ ነበር የምቀናው።

አባቷ ጋሽ ንጉሤ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች አንብበው የተዉትን ጋዜጣ እየሰበሰቡ ወደ ቤት ያመጣሉ፤ የመንግሥቱንም የግሉንም። ሳምንት ያለፈው፣ አንዳንዱም ወጥ የተንጠባጠበበት ነው። እኔ ግን የቀለሙን ሽታ ከአዲስ ደብተር ሽታ አስበልጠው ነበር። ሱዚ ዘለን ሲደክመን እነሱ ቤት እንገባለን። ጋሽ ንጉሤ አንዱን ጋዜጣ ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ ይሰጡንና ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፈውን ተራ በተራ ጮክ ብለን እናነባለን። ከዚያ ጥያቄያቸው ይከተላል። ጸሐፊው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ማንን አነጋገረ? ማንንስ ሳያነጋግር ቀረ? እታገኝ ትመልሳለች፣ ትከራከራለች፤ ያውም አባቷን "አንተ" እያለች። አንድ ቀን ጋሽ ንጉሤ ጋዜጣቸውን አጠፉና፣ "የትናንቱን ነገር አሰብኩበት። ልክ አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ቸኩያለሁ" አሏት። ቆሽቴ አረረ። አባት ለልጁ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የእኔ አባት ቄስ ናቸው። እኛ ቤት አባት "እርስዎ" ይባላል እንጂ አይጠየቅም። ዜና የሚመጣው ዳንቴል ለብሶ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ራዲዮን ነው። ዜና ሲጀምር እናቴ ማማሰያዋን ሳይቀር ታስቀምጣለች። ሲያልቅ አባቴ "ሰማችሁ?" ይላሉ፤ "ሰማን" እንላለን፤ በቃ። የገበያ ወሬ ሲመጣ "ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" የሚሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ራዲዮኑን ግን ከወሬ አይቆጥሩትም ነበር።

በዚያ ዓመት ታላቅ እህቴን አዝመራን ለአንድ የብልባላ ልጅ ሽማግሌዎች ጠየቋት። አዝመራ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ውስጥ ነበረች። ልጁ ጨዋ፣ ቤተሰቡም የተመሰገነ ነው። አባቴን ያሳሰባቸው የውሃው ነገር ነው፤ ብልባላ ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ምንጭ ነበር። እናቴ ወገቧን ያጣችው ገና በልጅነቷ በእንስራ ነው፤ ልጃቸውም ያንኑ እንድትደግመው አልፈለጉም። ሽማግሌዎቹን ቀጠሮ ሰጥተው መለሷቸው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ምሽት ራዲዮኑ የብልባላና የአካባቢው ነዋሪዎች የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ መሆናቸውን ተናገረ። አባቴ አማተቡና፣ "እንግዲህ እግዚአብሔር መልሱን ሰጠ፤ ሽማግሌዎቹ ይምጡ" አሉ።

በማግሥቱ ይህንኑ ለጋሽ ንጉሤ ነገርኳቸው። እሳቸው ያመጡት የግሉ ጋዜጣ ደግሞ ተቃራኒውን ጽፎ ነበር። ቧንቧው ለታይታ ተቀበረ እንጂ ጠብታ አልወረደበትም ይላል። እታገኝ ወዲያው የግሉን አመነች፤ ደፍሮ ስለጻፈ።

"ደፋር ሁሉ እውነተኛ ነው?" አሏት አባቷ። "ምናልባት ሁለቱም አንድ አንድ ነገር አይተው ይሆናል። የት ቆመው እንዳዩ ግን አንዱም አልነገረንም።"

ያንን ንግግር ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። እኔም የሚጠየቅ አባት አማረኝ። ማታ ዜናው እንዳለቀ፣ አባቴ "ሰማችሁ?" ከማለታቸው፣ "አባባ፣ የብልባላን ውሃ የተናገረው ሰውዬ የትኛው ሰፈር ቆሞ ነው ያየው?" አልኩ።

እናቴ ደንግጣ አየችኝ። አባቴ ራዲዮን ይዋሻል ማለቴ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም፣ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ስላልተናገረ ነው አልኩ። ራዲዮኑን ዘጉና ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ተሸፋፍኜ አለቀስኩ። እታገኝ ይህን ጊዜ ከአባቷ ጋር እየሳቀች እንደምትከራከር እያሰብኩ የባሰ አለቀስኩ።

የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሳይደርስ አባቴ ለማንም ምክንያቱን ሳይናገሩ በትራቸውን ይዘው ወጡ። በማግሥቱ አቧራ ለብሰው ተመለሱ። ብልባላ ውለው አድረው ነው የመጡት። ገበያው አጠገብ ቦኖ ቆሟል፤ ከፍተው ጠጥተውበታል። የልጁ ቤተሰብ ያለበት መንደር ግን ከገደሉ ማዶ ነው፤ ቧንቧው እዚያ አልተሻገረም። የማዶዎቹ ሴቶች እንደ ድሮው ምንጭ ይወርዳሉ። ራዲዮኑም አልዋሸም፣ ጋዜጣውም ከመሬት ተነስቶ አልጻፈም።

ይህን ተናግረው ሲጨርሱ አዝመራን ጠሯት። "እኔ ሰውን ሁሉ ጠይቄ መጣሁ" አሏት። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

 አዝመራ ልጁን ከትምህርት ቤት እንደምታውቀው፣ እንደምትወደውም፣ ነገር ግን ገበያው አጠገብ ጎጆ እስኪቀልስ ብትጠብቅ እንደምትመርጥ ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች። አባቴ እንዳለችው አደረጉ። ልጁም ጎጆውን ቀልሶ በተከታዩ ዓመት ተጋቡ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ፣ "አንቺስ?" የተባለችው እሷ! በእህቴም ቀናሁ።

ያኔ የጋዜጣ ወሬ ሳምንት አርጅቶ ይደርሰን ነበር፤ እስኪደርስ እናስብበታለን። ዛሬ ከነገሩ በፊት ወሬው ስልካችን ላይ ይደርሳል። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ በአገራችን ላይ መጥቶ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ከከረመ በኋላ ስልክ ሲመለስ ሩቅ ያለ ዘመድ ሁሉ ደወለልኝ። ሁሉም እኔ በነበርኩበት በላሊበላ የሆነውን ለእኔ ይነግረኛል። የነገሩኝ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ አይደለም ስል ደግሞ ይቆጡኛል። እታገኝ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። እሷም ደወለች።

"እኔ የሰማሁት ብዙ ነው፤ እሱን ተይው" አለችኝ። "ያየሽውን ንገሪኝ። ያላየሽውን አላየሁም በይኝ።"

ያየሁትን እያለቀስኩ ነገርኳት። መሃል ላይ የሰፈር ሰው ያወራውን ጨመርኩ። "ይሄንንስ አየሽው?" አለችኝ ቀስ ብላ። አላየሁትም ነበር። በዚያ ሁሉ እንባ መሃል ያ የቆየ ቅናት ወጋ አደረገኝ፤ እንደ እሷ መጠየቅን አሁንም አልቻልኩበትም።

አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። የእኔ አባት እርጅና ተጭኗቸው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ማን እንደደወለ ይጠይቁኛል። እታገኝ ድምፃቸውን ሰማች መሰለኝ፣ "አባ አሉ?" አለች። አሉ አልኳት። "ታድለሽ" አለችኝ።

 ስልኩን ለአባቴ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አደረጉና ከሰላምታው በኋላ፣ "ልጄ፣ እናንተ ዘንድስ ስለ እኛ ምን ይባላል?" ብለው ለመስማት ጎንበስ አሉ።