ያልተቆጠረው ልጅ

የከተማው ሰው «አድላቢው» ይለኛል። ስሙን ያወጣልኝ በሬ አድልቦ ለፋሲካ የሚሸጥ ጎረቤቴ ነው። ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ ሰላም ስንባባል፣ «የእኔዎቹስ በስድስት ወር ይደርሳሉ፤ ያንተዎቹ መቼ ነው ለገበያ የሚወጡት?» እያለ ይቀልድብኛል። አልቀየመውም። ሥራዬን ከእሱ አሳጥሮ የተናገረ ሰው የለም። ከይጁቤ፣ ከጉንደ ወይንና ከዙሪያው ገጠር ኳስ እግራቸው ላይ የሚታዘዝላቸውን ልጆች እንመርጣለን፤ ደብረ ማርቆስ አምጥተን እናኖራቸዋለን፤ እያስተማርን እናሰለጥናቸዋለን፤ ሲበስሉ ለትልቅ ክለብ እንሸጣቸዋለን፤ በሽያጩም ሌሎች እናመጣለን። የክለባችን ስልት ይኸው ነው። ሌላው ክለብ ስፖንሰር አለው፤ እኛ ያለን ዝናብና ትዕግሥት ነው።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። ክለቡን ከሦስት የኮሚቴ አባላት ጋር ነው የምመራው። ልጆቹ የሚያድሩት በተከራየነው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ተደራራቢ የብረት አልጋ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ነበሩ። ጠዋት ከትምህርት በፊት ሜዳ እንወርዳለን፤ መጀመሪያ ላሞቹን እናስወጣለን፣ ቀጥለን ኩበቱን እናነሣለን፣ ከዚያ እንሮጣለን። እናቶቻቸው የሚልኩት በሶ ባይኖር ኖሮ እስከ ምሳ የሚቆም እግር አይገኝም ነበር።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንዱ ልጅ ነው። ይጁቤ በገበያ ቀን፣ ስንዴ በታጨደበት መሬት ላይ፣ በኮንጎ ጫማ ሲጫወት አየሁት። የግራ እግሩ ጉድ ነው። ሦስት ሰው አልፎ ኳሷን ለጓደኛው ሲሰጥ ጓደኛው ራሱ አልጠበቃትም። አባቱን ፈልጌ አገኘሁ። ገበሬ ናቸው፤ ቁጥብ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። «ዕድሜው ስንት ነው?» ስላቸው «ለጥምቀት አሥራ ሰባት ይሞላዋል» አሉኝ። ልጁ ግን ቀጭንና አጭር ስለነበር አሥራ አራት ቢሉት ማንም አይጠራጠርም።

ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። የልደት ማስረጃ ላወጣለት አንድ ቀበሌ ይዤው ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ለኳስ ነው ለትምህርት?» አለኝ። «ለኳስ» አልኩት። ሣቅ አለና አሥራ አራት ብሎ ጻፈ። እኔም ዝም አልኩ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሠልጥኖ እስኪበስል ሃያ ስለሚሆነው ገዢ ዞር ብሎ አያየውም፤ አሥራ አራት ከሆነ ግን ሁሉም ይጓጓለታል። ሁሉም የሚያደርገው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ማፍሰሴንም አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ዕድሜ ይዞ ኖረ። ጢሙ ቶሎ ስለሚወጣ ምላጭ የምገዛለት እኔ ነበርኩ፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ይላጫል። ከሁሉ የባሰው የታናሽ ወንድሙ ነገር ነው። ታናሹ በሁለት ዓመት ያንሰዋል፤ የትምህርት ቤት ካርዱ ላይ ያለው ግን እውነተኛ ዕድሜው ነው። ስለዚህ በወረቀት ታናሹ ታላቅ ሆነ፤ ያውም በአንድ ዓመት። ታናሽየው እህል ይዞለት ሲመጣ የቤቱ ልጆች «ታላቅህ መጣ!» እያሉ ይንጫጫሉ። እኔም አብሬ እሥቅ ነበር። ዛሬ ያን ሣቅ ሳስታውስ አፍራለሁ።

በሦስተኛው ዓመት የአንድ የአዲስ አበባ ክለብ ተጫዋች መልማይ ባሕር ዳር በተደረገ ውድድር ላይ አየውና ልቡ ተሰረቀ። ለታዳጊ ቡድናቸው ሊወስዱት፣ ሦስት ዓመት አሠልጥነው ወደ ውጭ ሊሸጡት አሰቡ። በወረቀት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በእውነት ሃያ። የሚከፍሉት ገንዘብ የቤታችንን ወጪ ሁለት ዓመት ይሸፍናል። ያን ጊዜ ደግሞ ካዝናችን ባዶ ነበር። ልጁ ካልተሸጠ ቤቱ መዘጋቱ፣ አሥራ አንዱም ልጆች ወደየመንደራቸው መመለሳቸው ነው። ሽያጩን ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ።

ልጁ በወረቀት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ስለሆነ አባቱ መጥተው መፈረም ነበረባቸው። ደወልኩላቸው።

«አባቴ፣ ረቡዕ በጠዋት ይድረሱልን። ታናሹን ግን ይዘውት አይምጡ።»

«ምነው? ወንድሙ ሲሸኝ አያይም?»

ምክንያቱን ነገርኳቸው። መልማዩ ታናሹን አይቶ ዕድሜውን ቢጠይቀው ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ስማ መምህር፣ እኛ በሬ እንኳ ስንሸጥ ነውሩን ተናግረን ነው። ይዋጋል እንደሆን ይዋጋል፣ ይተኛል እንደሆን ይተኛል እንላለን። ገዢው ያን ሰምቶ ይወስዳል ወይም ይተዋል።»

«ይሄ በሬ አይደለም፣ አባቴ።»

«እሱን ነው የምልህ» አሉና ዘጉት።

ረቡዕ ብቻቸውን መጡ። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሆቴል አራት ሆነን ተቀመጥን፤ መልማዩ፣ አባትየው፣ ልጁና እኔ። መልማዩ ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ። ጾም ስለሆነ በየዓይነቱ አዘዘልን። አባትየው አንድ ሁለቴ ጎረሱና ተዉት። ልጁ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ አገጩ ላይ ምላጭ የቆረጠው ምልክት አለ። እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አርፎ አልተቀመጠም።

መልማዩ ፎርሙን አውጥቶ መሙላት ጀመረ። የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ። ከዚያ እንደ ጨዋታ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አላቸው።

አባትየው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ ለረጅም ጊዜ አላነሡም። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አቀርቅረው፣ «ሦስት» አሉ።

አራት ናቸው። ትዳር የያዘች ሴት፣ ይህ ልጅ፣ ታናሹና የመጨረሻው ትንሹ። በእኛ አገር ልጅ ስንት ነው ሲባል ብዙው ሰው ቁጥር መጥራት አይወድም፤ «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ብሎ ያልፋል። ተገዶ ሲቆጥር ደግሞ ከቁጥሩ የሚወጣው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያረፈው ብቻ ነው። ታናሹ ልጅ ግን በሕይወት አለ። ያን ዕለት ማለዳ አባቱን እስከ መኪናው የሸኘ እሱ ነበር። ያን ልጅ ከቁጥር ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አጠገባችን የተቀመጠው ልጅም አንገቱን ደፋ።

መልማዩ «3» ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን ያዝኩት።

«አትጻፍ» አልኩት። «አራት ናቸው። ነውሩን ልናገር። ይህ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የቀነስኩት እኔ ነኝ። አባቱም ቀንስ አላሉኝም፣ እሱም አላለኝም።»

መልማዩ እስክርቢቶውን ከደነ። አልተቆጣም። ፎርሙን በጥንቃቄ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና፣ «አሠልጣኝ፣ እንዲህ ያለውን ብዙ አይቻለሁ፤ ራሱ የነገረኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለኝ። «ለታዳጊ ቡድን ግን አልወስደውም።» የምሳውን ከፍሎ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ አባትየውን ተሰናብቶ ሄደ።

ልጁ ተነሣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀና ብሎ አይቶኝ የማያውቅ ልጅ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«የቀነሱትም እርስዎ፣ የጨመሩትም እርስዎ» አለኝ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

የዚያኑ ዕለት ዕቃውን ሰብስቦ ከአባቱ ጋር ወደ ይጁቤ ተመለሰ። ታኬታውን አልጋው ሥር ትቶት ሄዷል።

ወሬው ከተማው ውስጥ ለመዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ጎረቤቴ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች» አለ፤ ይህንንም አልቀየምኩትም። ከኮሚቴው አንዱ «እውነት መናገር ካማረህ ከሽያጩ በኋላ አትናገርም ነበር?» ብሎ ጥሎን ወጣ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ ጠነከረ። ቤቱ አይዘጋም አልኩ። እንደ ድሮው ግን አይቀጥልም።

ወላጆችን አንድ በአንድ ጠርቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ዕድሜያቸው የተቀነሰ ሌሎች አራት ልጆች ነበሩ። «ሁሉንም አስተካክላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ገዢ ላይመጣ ይችላል፤ ልጄን እወስዳለሁ ያለ ይውሰድ» አልኩ። ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። የቀሩት ጤፍና ድንች፣ አንዲት እናት ደግሞ አንድ ኩንታል ባቄላ ይዘው ተመለሱ። ባቄላ በልተን ከረምን፤ ዛሬ ባቄላ ሲሸተኝ ጠረኑን አልወደውም።

ወረቀቱን ማስተካከል ግን ቀላል አልሆነም። ያው የቀበሌ ጸሐፊ «መቀነስ በእኔ እጅ ነው፤ መጨመር በፍርድ ቤት» አለኝ። ፍርድ ቤት ሄድኩ። ምስክር ሲጠየቅ የክርስትና አባቶችና ቄሶች አመጣሁ። አንዱ ቄስ «በረዶ ስንዴውን የመታ ዓመት ነው ያጠመቅሁት» ሲሉ፣ ሌላው «የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ቆርቆሮ በለበሰ በሳምንቱ» ሲሉ፣ ዳኛው እየሣቁ ዓመቱን ያሰላሉ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። ተመላለስኩ፤ አንድም ቀን አልቀረሁም። ሰው ሦስት ዓመት በአንድ ደቂቃ ሲቀንስ አይታወቀውም፤ ለመመለስ ግን ወራት ይፈጃል።

የአምስቱም ውሳኔ ሲወጣ የእሱን ውሳኔና ከክለባችን የሚለቀቅበትን መልቀቂያ፣ ታኬታውንም ጨምሬ ይዤ ይጁቤ ሄድኩ። ልጁን ከታናሽ ወንድሙ ጋር እርሻ ላይ አገኘሁት። ሰላምታዬን ተቀበለ እንጂ በሬዎቹን አላቆመም። በከተማ ጫማዬ ጭቃ እየረገጥኩ ከትልሙ ጎን ጎን ሄድኩ።

«ሃያ ዓመት ለኳስ አያረጅም» አልኩት።

«ለሽያጭ ግን ያረጃል።»

«ለሽያጭ አልመጣሁም። ይኸው ትክክለኛ ዕድሜህ፤ ይኸው መልቀቂያህ። የፈለግህበት ሂድ። ይዘህኝ ትዞር እንደሆን ደግሞ በየክለቡ በር አብሬህ እቆማለሁ። አሁን እየጠየቅሁህ ነው።»

በሬዎቹን እየነዳ ትልሙን ጨረሰ። ትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ታናሹ መጣና ከእጁ ላይ እርፉን ያዘ። «ሂድ» አለው። «ይችን እኔ እጨርሳታለሁ።» ያ ከቁጥር ያወጣሁት ልጅ ነው ይህን ያለው። ታላቁም እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ታኬታውን ተቀበለኝ።

ሦስት ክለቦች ዞርን። ሁለቱ ዕድሜውን ሲሰሙ ኳስ እንኳ አላስነኩትም። ሦስተኛው ዝቅ ባለው ሊግ የሚጫወት ክለብ ነው፤ ለዋናው ቡድን ሁለት ሳምንት ሞከረውና አስፈረመው። ለእኛ የደረሰን አንድ ጆንያ ኳስና ጥቂት ያረጁ ማሊያዎች ናቸው። አሁን የግራ መስመር ተከላካይ ነው። ለእኔ ብዙም አይደውልልኝም። ፎቶው ያለበትን የተጫዋችነት መታወቂያ ግን ልኮልኛል፤ የልደት ዓመቱ ትክክል ነው። ሌላ ምንም አልጻፈበትም።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ የልጆች ምርጫ ስናደርግ አባትየው የመጨረሻውን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ደነገጥኩ። «እኔን አምነው?» አልኳቸው።

«መዝገብህን አውጣ» አሉኝ።

አወጣሁ። ከዚያ ዓመት ወዲህ መዝገባችን ላይ ከልጁ ዕድሜ በፊት የሚሞላ አንድ ዓምድ አለ፤ የቤተሰቡ ልጆች በሙሉ ከነዕድሜያቸው የሚጻፉበት። ስንት ልጆች አሉዎት ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። እሳቸው ግን አልጠበቁኝም።

«አራት ናቸው» አሉ፤ ሜዳው ላይ ያለ ሁሉ እስኪሰማ። «በየተራቸው ጻፋቸው።»

ሴቷን ጻፍኩ። ኳስ ተጫዋቹን ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አባትየው ጎንበስ ብለው መዝገቡን እያዩ እስክጨርስ ጠበቁኝ።