የከለከልሁት ፕለጊን

ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከጋራዥ በላይ በተከፈተ የግል ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ ለማስተማር አልነበረም። ያስተማርሁት ግን እዚያ ነው፤ ከሥር መዶሻው፣ ከላይ እኔ።

ሕጌ አንድ ነበር፦ በላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ኮድ ከሚጻፍበት ኤዲተር ጋር የሚያያዝ ኮድ አሟይ ፕለጊን የጫነ ተማሪ ኮርሱን ይደግማል። ሦስት ፊደል ጽፎ ቀሪውን ኤዲተሩ ከሚያቀርብለት ዝርዝር የሚመርጥ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ፕሮግራመር ሳይሆን ሜኑ የያዘ የምግብ ቤት ደንበኛ ነበር።

በሴሚስተሩ አጋማሽ የላብራቶሪ ፈተና ላይ አንድ ተማሪ ፈንክሽን የሚባሉትን ትእዛዞች ረጃጅም ስሞች ያለ አንዲት ስሕተት ጽፎ ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ። እንጦጦ ላይ የሚያገለግል ዲያቆን ነው፤ በየማለዳው ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርዳል፤ ቤቱ ኮምፒውተር የለም። ስሞቹን እኔ እንኳ መጽሐፍ ሳልገልጥ አልጽፋቸውም።

«ፕለጊን ጭነሃል።»

«አልጫንኩም፣ መምህርት።»

«ሕጉን ታውቃለህ፤ ትደግማለህ።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። የደብሩ አለቃ ለትምህርት የፈቀዱለት እስከዚያ ሴሚስተር ብቻ ነበር፤ ከደገመ መመረቁ ቀረ።

ከኋላ አንዲት ተማሪ ሳቋ አመለጣት። «ቲቸር፣ ፕለጊኑ እኮ እሱ ራሱ ነው!»

ኮምፒውተሩን መረመርሁ፤ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነው። ምንም አልተጫነበትም። ዲያቆኑን ፊቴ አቁሜ ሦስት ፊደል ጠራሁለት። ዐይኑን ጨፍኖ በትንሹ እየተወዛወዘ፣ በእነዚያ ፊደላት የሚጀምሩትን ስሞች በሙሉ በቅደም ተከተል አወረደልኝ። ፎቶ ኮፒ አድርጌ የሰጠኋቸውን የስሞቹን ማጣቀሻ መጽሐፍ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። አንዱን ክፍል ሲጨርስ፣ ዜማውን ሳይለውጥ፣ «ገጽ ሰማንያ ሁለት» ብሎ ቀጠለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ኮሌጅ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ? ከሰሱኝ እንጂ።»

አባባሉ ትክክል ስለነበር አልተቆጣሁም። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዘወር አለ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ፕለጊኑን ይፍቀዱላቸው። ላብራቶሪ በገባን ቁጥር ሁሉም ሦስት ሦስት ፊደል እየጠራ የሚያስለፈልፈው እኔን ነው። ለቅዳሴ ድምፅ አልተረፈኝም።»

«እንዳይፈቅዱ ቲቸር!» ጮኸ አንዱ። «እሱ መብራት ሲጠፋም ይሠራል!»

በማግሥቱ ፕለጊኑን በፍላሽ አምጥቼ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ጫንሁ። በወሩ የመምህራን ግምገማ ላይ የገዛ ሕጌን ለምን እንደሻርሁ ስጠየቅ፣ «ለአንድ ዲያቆን ጉሮሮ ስል» ብዬ መለስሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና እንደወረደ በቃለ ጉባኤው አሰፈረው።