እናትሽ ታኮማ ናት

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ ብቻዋን የምታሳድጋት ያገራችን ሴት ናት። ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ስትገባ የመንግሥት የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች ልጅቷን ለማታውቃቸው ሰዎች ሊሰጧት ሲሉ፣ ሴት ልጄ «እኛ ጋ ትቆይ» አለች። ፈቀዱ፤ ግን ቤት ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ የአሳዳጊነት ሥልጠና ካልጨረሰ ትወሰዳለች ተባለ። እኔም ጭምር። ሰባት ልጅ ያሳደግሁ ሴት በሰው አገር ልጅ ማሳደግ ልማር!

ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ እንዳለቀ ከሰፈራችን ከሬኒየር ቢች ስካይዌይ ወዳለው ማሠልጠኛ እንነዳለን። ልጄ የመጦሪያ ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ናት፤ እራቷን ቀይ መብራት ላይ ትጎርሳለች። ባሏ የቅዳሜውን ስለሚማር ልጆቹን እሱ ይይዛል። የልጅ ልጆቼ የቤት ሥራ ሳይታይ የሚያድርባቸው ቀናት ነበሩ።

አስተማሪዋን ገና ከመጀመሪያው ጠረጠርኳት። ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ሰው አፉን ሲከፍት ደግሞ ትጽፋለች። የሚሳሳት ሰው የምትለቅም መሰለኝ።

አንድ ሐሙስ «ወላጁ የት እንዳለ ለልጁ እውነቱን ንገሩ» አለች። እኔ «እናትሽ ለሥራ ወደ ጎረቤቱ ከተማ ወደ ታኮማ ሄዳለች» ብያት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። እጄን አወጣሁ። እኛ አገር ክፉ ወሬ እንዲሁ እንደማይወረወር፣ ለአዋቂ እንኳ ዘመድ ተመካክሮ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር አስረዳሁ። ልጄ ተረጎመችና በአንድ ትንፋሽ ጨረሰች።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ታህል ብቻ?»

«እማዬ፣ አመስግናለች ነው ያልኳት» አለች በጎን። «ሌላውን ብነግራት ልጅቷን ይወስዱብናል።»

ሴትዮዋ ጻፈች። ምን እንደጻፈች እስካሁን አላውቅም።

ቤት ስንመለስ ግን ከእኔ የባሰች ተጠራጣሪ ልጅቷ ነበረች። ስልክ ሲጮህ በር ሥር ትቆማለች። አውቶቡስ ባየች ቁጥር «ይሄ ታኮማ ይሄዳል?» ትላለች። አንድ ቀን ከሰዓት ስለ እናቷ ስናወራ ገባች፤ ሁላችንም ዝም አልን። የእያንዳንዳችንን አፍ በየተራ አየች።

ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ወንድሜ የሞተ ጊዜ በዚህ ከተማ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ እኔ ሳልሰማ ለሁለት ወር ያህል ያውቅ ነበር። አብረውኝ በሉ፣ በቀልዴ ሳቁ። እኔ ስገባ ግን ጨዋታው ይቆረጥ ነበር። ከመርዶው በኋላ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ወንድምነቱ ለማን ነበር? ለአንዳንዶቹ ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልሰጠሁም። በእኔ ላይ ሲሠራ ግፍ ያልኩት፣ እኔ ስሠራው እንዴት ደግነት ይሆናል?

በማግስቱ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ መጣ። ልጅቷ ገና ሳትጠይቅ፣

«ታኮማ አይደለችም» አልኳት። «እዚሁ ሆስፒታል ናት። ሳንባዋን ታማለች። የሚተላለፍ ስለሆነ ልጅ አያስገቡም። ዋሽቼሻለሁ።»

አላለቀሰችም።

«ትሞታለች?»

«ሐኪሞቹ ትድናለች ይላሉ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ። «ማን ነገረዎት?» አለች። ስልክ ተደውሎ ነው አልኳት። «እኔም እንድሰማ ይደወል» አለች። ቤት ተመለስን፣ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ የተኛችውን ልጄን ቀስቅሼ አስደወልኳት። ነርሷ ስታነሳ ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ ጆሮዋን ከልጄ ጆሮ ጋር ገጠመች። እንግሊዝኛውን ከሁላችን ይበልጥ ትሰማ ስለነበር፣ ልጄ ስትተረጉምልኝ እሷ ታርም ጀመር።

«ዛሬ ሾርባ በልታለች ነው ያለችው» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ሁሉን ጨርሳለች አላለችም።»

ስላላመነችን አልተቀየምኳትም። ነገም አብረን ለመደወል ተስማማን።