ሞጣ የገዛነው ቤት የጓሮ በር

ዛሬ ሞጣ የገዛነውን ቤት ተረክበን ግቢውን ስናይ፣ ከጓሮ አንዲት እናት ብቅ አሉ። በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት የምታሻግር ትንሽ በር እንዳለች ያወቅነው ያኔ ነው።

"ዘይነባ እባላለሁ፣ ጎረቤታችሁ ነኝ" አሉን። ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ "በሯን ልትዘጓት ነው?" ብለው ጠየቁ።

ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤቱን የሸጠችልን ሴት ጠዋት ጠዋት በዚያች በር ገብታ ሳታያቸው አትውልም ነበር።

እኔ በሆዴ አጥሩን በብሎኬት ገንብቼ ልጨርስ ምንም አልቀረኝም።

ባለቤቴ ቀደመችኝ። "ኧረ እማማ፣ ማጠፊያዋ ዝጓል እንጂ ምን ሆና ትዘጋለች? ዘይት እንቀባታለን። ነገ ጠዋትም እመጣለሁ።"

እማማ ዘይነባ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው "በሉ ምሳ እኔ ዘንድ ነው" አሉን። ዕቃችንን ሳናወርድ ተከትለናቸው ገባን።

እናንተስ፣ አዲስ ሰፈር ስትገቡ መጀመሪያ የተቀበላችሁ ጎረቤት ማን ነበር?