አራስ ጭኜ በቡሬ ሳልፍ

የእኔ ሥራ በቆሎ መጫን ነው። ከመራዊ በቆሎ፣ ከፍኖተ ሰላም በርበሬ፣ ለበዓል ደግሞ በሬ። አንበሳ ጭኜ አላውቅም፤ ጫንልን ብሎ የለመነኝም አልነበረም። መኪና በጠፋ ዕለት ግን የእኔዋ አይሱዙ ተገኘች።

አንበሳዋን ቆላ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ግቢው ውስጥ ዘግቶባት ሲያሳድጋት ኖሮ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች ደርሰውበት ወሰዱበት። አሁን የምትሄደው አዲስ አበባ አጠገብ ወዳለ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። አብራን የምትጓዘው የእንስሳት ሐኪም ልጄ የምትሆን ወጣት ናት፤ ሕጓ ግን የአማት ሕግ ነው። ክላክስ የለም። ዘፈን የለም። ጉድጓድ ላይ ቀስ፣ ኩርባ ላይ ቀስ። አንበሳዋ መንገድ ላይ ምግብ አትቀምስም፤ ውሃ ብቻ። ሸራው ፀሐይ ይከልክል፣ ነፋስ ግን አይከልክል።

"ዶክተር፣ እኔን እንኳ በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የጫነኝ የለም" አልኳት።

"እርስዎ መንገድ ላይ በድንጋጤ አይሞቱም" አለችኝ። የእኛን አገር መንገድ አታውቀውም ማለት ነው።

ቡሬ ስንገባ የገበያ ቀን ነበር፤ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ጎሚስታው እስኪመጣ ገበያው በሙሉ ወደ እኛ ፈለሰ። ዶሮ የያዘ ከነዶሮው፣ በግ የሚጎትት ከነበጉ። ጎረምሶች በስልካቸው ይቀርጻሉ፤ አንዱ እንድታገሳለት ያፏጫል። አንድ ጎልማሳ ዱላውን እየነቀነቀ ሲፎክር ሴቶቹ እልል አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ለክብሯ ነው። እሷ ግን የብረት ሳጥኗ ውስጥ ትዞራለች፣ ከብረቱ ጋር ትላተማለች፣ ምላሷ ወጥቶ ታለከልካለች።

የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። "ማደንዘዣ ልድገማት ብል በዚህ ሙቀት ልቧ ቀጥ ይላል። ጥላና ጸጥታ ካላገኘችም ያው ትሞትብኛለች" አለችኝ። ከዚያ ሕዝቡን "እባካችሁ አትጩሁ" ብላ ለመነች። "አትጩሁ ተባላችሁ እኮ!" እያለ ሁሉም እርስ በርሱ ይጮህ ጀመር።

ቱግ አልኩ። መኪናው ላይ ወጣሁና፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ነውር አታውቁም? አራስ እኮ ናት!" አልኩ።

ገበያው ጭጭ አለ። ፎካሪው ዱላውን ዝቅ አድርጎ "ታዲያ ማን ነገረን" እያለ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ፀሐይ በምታገኛት በኩል ጋቢና ነጠላ ተዘረጋላት። "ከፀሐይ የመጣ ሰው አራስ አይጠጋም" ተባለ፤ ሁሉም ፀሐይ ላይ ስለነበረ ማንም አልተጠጋም። አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ከራስጌዋ ብረት አድርጋችሁላታል?" አሉኝ።

"አባቴ፣ ቤቷ ሁለመናው ብረት ነው።"

"እንግዲያስ ደህና ነው" አሉ።

አንበሳዋ ተጋደመች። ትንፋሿ ረገበ፤ ትንሽ ቆይታም ውሃዋን ጠጣች። ከሴቶቹ አንዷ በሹክሹክታ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለቻት። ዶክተሯ ዞራ አየችኝ።

ጎማው ተሠራ። ሞተር ላስነሣ ስል አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት ከመኪናው ፊት ቆሙ።

"ወዴት ነው የምትወስዷት?"

"አዲስ አበባ፣ እማማ።"

"አራስ? አርባ ቀኗ ሳይሞላ?"

ሴቱ ሁሉ ከኋላቸው ተሰለፈ፤ ወንዱም ተከተለ። "ገንፎስ ቀምሳለች?" አለች አንዷ። "በጉዞ ላይ ምግብ አይሰጣትም" አለች ዶክተሯ፤ መዋሸት የሚባል ነገር አልተማረችም። "ጉድ በሉ፣ አራስ ያስርባሉ!" ተባለ። እውነቱን ብናገር ጩኸቱ ሊመለስ ነው፤ እዚያው ብንውል ሙቀቱ ሊጨርሳት ነው።

"እናቷ ዘንድ ነው የምንወስዳት፤ እናቷ ናት የምታርሳት" አልኩ።

"እንዲህ አትልም ኖሯል!" አሉ ሴትዮዋ። መንገዱ ወዲያው ተከፈተ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በመስኮት አቀበሉኝና "ለእናቷ ስጥልኝ። አናቷን ትቀባት። ከእናት እጅ የሚበልጥ የለም" አሉኝ።

ከቡሬ እንደወጣን ሳቄ አመለጠኝ። ቅቤው ጭኔ ላይ ነው። "ዶክተር፣ ለመሆኑ እናቷ የት ናት? አደራ አለብኝ" ብዬ ቀለድኩ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። "ሞታለች" አለች። "አንበሳ ደቦሏን በሰላም አሳልፋ አትሰጥም። ደቦል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እናቲቱን ነው የሚገድለው። ይችን ሲያነሷት የሞተች እናቷን ትጠባ ነበር። ያነሷት ሰዎች ራሳቸው ናቸው የነገሩን።"

መኪናዋን እንዲያ ቀስ ብዬ ነድቻት አላውቅም።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምን። ዶክተሯ ወርዳ ሸራውን ገለጥ አድርጋ አየቻት። "ተኝታለች። ደህና ትደርሳለች" አለችኝ። ቀጥላም ፊቴን አየችና "ምነው፣ ያለቅሳሉ እንዴ?" አለች።

"ፀሐይዋ ናት፣ ዓይኔን መትታኝ ነው" አልኳት።

ፀሐይዋ ከቡሬ ጀምሮ ከኋላችን ነበረች።