ፀሐይዋን ወደ ሰኔ ያዞርኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ስቶክሆልም፣ ሱንድቢበሪ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ የአዲስ ሕንጻ ማስታወቂያ ፊቴ ተደቀነ። በረንዳው፣ ሣሩ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም በፀሐይ ተጥለቅልቀዋል። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያይ ዋጋውን ይፈልጋል፤ እኔ ጥላውን ነው የምፈልገው። የሙያ በሽታ ነው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን የእትዬ አስካለ ነገር ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ገደማ፣ ትምህርቴን ጨርሼ አንድ የካርታ ሥራ ድርጅት ቀጥሮኝ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ ከዚያ ሥራ ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ከቀረ ወደ አገር መመለሴ ነው። ካርታን በኮምፒውተር ወደ ባለ ሦስት አውታር ምስል እለውጣለሁ። የቤቱን ከፍታ፣ የዛፉን ቅጠል፣ የፀሐይዋን ወርና ሰዓት ሳይቀር የምሞላው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ዩልስታ በሚባል ሰፈር ሊሠራ የታሰበ የረጅም ሕንጻ ፕላን ደረሰኝ። ፀሐይዋን ታኅሣሥ ቀትር ላይ አድርጌ ብሞክር፣ ጥላው ግቢውን አቋርጦ የፊት ለፊቱን ቤት የታች መስኮቶች በሙሉ ዋጣቸው። አንዱ መስኮት የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ ስቶክሆልም ስገባ በቤተ ክርስቲያን አግኝተውኝ፣ ብርድ ልብስና ድስት ሰጥተው የተቀበሉኝ እናት ናቸው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ውሏቸው ማድ ቤታቸው መስኮት ሥር ነበር።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ አየ። "ትንሽ አልጨለመም? እስቲ ሰኔ ላይ ሞክረው፤ ጥላውንም ሳሳ አድርገው" አለና ቡናውን ይዞ ሄደ። በኛ አገር ሰኔ ደመናና ጭቃ ነው፤ እዚህ ግን ፀሐይ ከፍ ብላ የምትወጣበት ወር ነው። ቁጥሩን ቀየርኩ። ጥላው ተሰብስቦ ሕንጻው እግር ሥር ገባ። እንዲያ በለዘበ አፍ የታዘዘ ነገር እምቢ ለማለት እንዴት ይከብዳል!

በሳምንቱ ነዋሪዎች ለስብሰባ ተጠሩ። አለቃዬ ለአማርኛ ተናጋሪዎቹ እንዳስተረጉም ይዞኝ ሄደ። አዳራሹ እርጥብ ካፖርትና የቀረፋ ዳቦ ይሸታል። ምስሉ ግድግዳው ላይ ሲበራ እትዬ አስካለ እጃቸውን አነሡ።

"ይሄ የሶመር፣ የሙቀቱ ጊዜ ነው ልጄ። በቪንተርስ፣ በብርዱ ጊዜ፣ መስኮቴ ፀሐይ ያገኛል ወይ? ጠይቅልኝ። ካላገኘ ተቃውሞ እንጽፋለን።"

አለቃዬ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። በስዊድንኛ "ግንባታው መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቃሉ" አልኩት።

"በሁለት ዓመት" አለ።

ወደ እሳቸው ዞርኩና "ችግር የለውም ነው የሚለው፣ እትዬ" አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው "የኛው ልጅ ካለ ይበቃል" አሉ። ተቃውሞው ሳይጻፍ ቀረ።

ሕንጻው ቆመ። በታኅሣሥ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ማድ ቤታቸው መብራት በርቷል። ሻይ ቀዱልኝ።

"ስዊድንኛ መናገሩ ነው እንጂ የሚያቅተኝ መስማቱንስ እሰማለሁ" አሉ። "ስንት ዓመት ሽማግሌዎቻቸውን ስጦር ኖሬ!"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?"

"አለቃህ ፊት ላዋርድህ? ከአገር ቢያስወጡህስ?"

እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሻይዬን ጠጥቼ፣ ስለ ብርዱ አውርቼ ወጣሁ። ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም፤ እኔ ዜግነትም ቤትም አለኝ። ይቅር በሉኝ ሳልላቸው ቀድመው ይቅር ብለውኝ ሄዱ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ አዳራሽ አልወጣሁም።